ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ አግዳሚ

ኦቦ ባጫን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቆመው ነው የሚያውቃቸው። ውሃ ቆመው ይጠጣሉ፣ ዳቦ ቆመው ይበላሉ፣ ሰው ሲያወራቸው አንድ እግራቸው ወደ መሄጃው ዞሮ ይጠብቃል። ሻይ ቤት ሲገቡ እንኳን ብርጭቆውን ይዘው በሩ ላይ ይገተራሉ። አሳላፊዎቹ መግቢያ መውጫ ሲያጡ ያጉረመርማሉ፤ እሳቸው ነገሬም አይሉ። የአዳማ ንፋስ እንኳን ክረምት ሲገባ ትንሽ ይረጋል፤ ኦቦ ባጫ ግን ክረምት ከበጋ ያው ናቸው። እኔ ደግሞ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲቁነጠነጥ ደሜ ይፈላል።

ፋኢዛ እባላለሁ። ባልዲ፣ ጆግና ጀሪካን እሸጣለሁ። ሱቄ የትንሿ መናፈሻ ጥግ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ሆኜ መናፈሻውም፣ የወንጂ ሚኒባሶች የሚሞሉበት ተራም ይታየኛል። በዚሁ በር አጠገብ፣ ከመናፈሻው አጥር ሥር፣ የኦቦ ባጫ ሚስት እትዬ አማረች ሸንኮራ ትሸጥ ነበር። የምትቀመጠው በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። አጠገቧ ሁልጊዜ ሌላ የተደፋ ሳጥን አለ። ያ ሁለተኛው ሳጥን የባሏ ነበር፤ ማለቴ፣ ለእሳቸው ብላ ነበር የምታስቀምጠው። እሳቸው ሲመጡ ሳጥኑን በእጇ መታ መታ ታደርግና «ታኢ ሜ፣ ባጫ» ትላቸዋለች፤ ቁጭ በል እንጂ ማለቷ ነው። «እሺ፣ መጣሁ» ይሏታል። ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ ይላቸውና ይሄዳሉ። ሳጥኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

እሷን አንቺ፣ እሳቸውን አንቱ የምለው ለዚህ ነው። ከእሷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስንቱን ሰው አምተናል። ከእሳቸው ጋር መቼ ተቀምጠን።

ኦቦ ባጫ የወንጂ ልጅ ናቸው። አባታቸው አገዳ ቆራጭ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ለሥራ ሲደርሱ ውሃ አጠጪ ሆኑ። የውሃ አጠጪ ሥራ መሄድ ነው፤ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው፣ አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ያመልጣል። እሳቸው እንደሚሉት ቁጭ ያለ ውሃ አጠጪ ማሳውን ረግረግ አድርጎ ነው የሚያገኘው። አዳማ ከገቡ በኋላም የያዙት ያንኑ የእግር ሥራ ነው፤ ጭነት ማውረድ፣ እህል ማመላለስ፣ መጋዘን መዞር። ሰፈሩ ግን ከሁሉ በላይ የሚያውቃቸው በእድሩ ድንኳን ነው። ሰው ሞተ ሲባል፣ ጡሩንባው ሳይነፋ ኦቦ ባጫ ብረቱን ተሸክመው ደርሰዋል። ቋሚዎቹን ይገጥማሉ፣ ሸራውን ይወጥራሉ፣ ረጃጅሞቹን አግዳሚዎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይደረድራሉ፣ የሟችን ፎቶ ከጥግ ያቆማሉ። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲቀመጥ እሳቸው ይወጣሉ። ገመድ ላልቷል፣ ውሃ አልቋል፣ ወንበር ጎድሏል፤ ምክንያት አያጡም።

እትዬ አማረች የሞተች ቀንም እንዲሁ አደረጉ። ታማ እንኳን አልተኛችም። ጠዋት አብረን ሸንኮራ ልጠናል፤ ከሰዓት ደረቴን አለች፣ ሆስፒታል ሳንደርስ አለቀ። የእድሩ ሰዎች «ባጫ፣ ዛሬስ ሐዘንተኛው አንተ ነህ፣ ተው» ብለው ብረቱን ከእጃቸው ለመቀበል ታገሉ። ማን ሊሰማ። የገዛ ሚስታቸውን ድንኳን ራሳቸው ተከሉ። ልጃቸው ቢሊሴ የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እሳቸው ጀሪካን ይዘው ከቧንቧ ወደ ድንኳን ሲመላለሱ ዋሉ። «እግዜር ያጽናህ» ሊላቸው የመጣ ሰው በዓይኑ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣቸው ለቢሊሴ ብሎ ይሄዳል። እኔም ልላቸው ለቅሶው እስኪነሣ ድረስ ተከታተልኳቸው፤ አልያዝኳቸውም። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ ድንኳኑ ተነቀለ። ሲያለቅሱም ያየ የለም።

ከዚያ በኋላ ባሰባቸው። ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በመናፈሻው በኩል ያልፋሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳሉ፣ ማታ ሚኒባስ ተራው ጭር ሲል እንደገና ብቅ ይላሉ። እትዬ አማረች ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ አንድ ጊዜ ያዩና ፍጥነት ይጨምራሉ። ሁለቱን ሳጥኖች ሰው እንዳይወስዳቸው ብዬ ሱቅ ውስጥ አስገብቼ ነበርና ቦታው ባዶ ነው። እግርዎን አያምዎትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «እግር ለምን ተሠራ» ብለውኝ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ከተማው መናፈሻዎቹን ማደስ ጀመረ። የእኛዋም አጥሯ ፈረሰ፣ ሣር ተተከለላት፣ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈላት። የሚቆጣጠራት ጉቱ የሚባል ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰው ላይ መጮህ አይችልበትም። ነዋሪ በራሱ እጅ መቀመጫ ቢሠራ እንደሚፈቀድ ተናገረ። ኦቦ ባጫ እንደሰሙ ሱቄ በር ላይ ደረሱ። ቆመው ነው፣ ያው።

«ፋኢዛ፣ ለአማረች መታሰቢያ መቀመጫ ልሠራላት ነው። እዚሁ፣ ትሸጥበት የነበረው ቦታ ላይ። ለሙት ዓመቷ ይደርሳል።»

«እሰይ፣ ጥሩ አሰቡ» አልኳቸው። «እርስዎም ይቀመጡበታል።»

«ኤዬ፣ ኤዬ» ብለው ሄዱ፤ እሺ እሺ ማለታቸው ነው።

እድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቶ ነበርና የአሮጌውን ብረትና አግዳሚዎች ሰጣቸው። የሰፈሩ በያጅ ብየዳውን ሠራላቸው፤ የቀረውን ሁሉ ራሳቸው ሠሩ። ቢሊሴ ዱከም ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እሑድ እሑድ ስትመጣ አባቷን ቤት ስለማታገኛቸው ምሳቸውን በሳህን ይዛ መናፈሻ ትመጣለች። አንድ እጃቸው ብረት ላይ፣ አንድ እጃቸው ሳህኑ ላይ ሆኖ ይበላሉ። እኔ ከሩቅ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ሰው አንድ ነገር ሲጨርስ ያርፋል ብዬ ነበር።

ሲያልቅ ወጥቼ አየሁትና ክው አልኩ። አራት ቋሚ ብረት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ረጃጅም አግዳሚዎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት፣ ከጥግ ደግሞ የእትዬ አማረች ፎቶ በመስታወት። ሰማያዊው ቀለም እንኳን ያው የእድሩ ቀለም ነው። ሰውየው መናፈሻ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተክለዋል። ምን ያድርጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ቦታ ሲሠሩ የኖሩት እንዲያ ብቻ ነው፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም። እሳቸው ግን ጎናቸውን ይዘው በኩራት ይዞሩታል። አፌን ዘጋሁ፣ እኔ ፋኢዛ።

መጀመሪያ የተቀመጡት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሳምቡሳቸውን እየበሉ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ፤ ከሻሸመኔ ነው፣ አልፎ አልፎ ከእኔ ጀሪካን ይገዛል። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀና ከፊታቸው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ልጆቹ ሳምቡሳውን መዋጥ አቃታቸው። ሰውየው ለወጉ ያህል ቆይቶ ተነሣና «እግዜር ያጽናችሁ ልጆች። እናት ናቸው?» አላቸው። ልጅቷ ዞር ብላ ፎቶውን አየች። እነዚያን ልጆች ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ሌላ ቀን ሁለት ሴቶች ከሚኒባስ ወርደው ሲያልፉ አዩት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አልቅሰው ወጡ። የሰፈሩ ልጆች ስሙን «ለቅሶ ቤት» አሉትና ኳሳቸው እዚያ ስትገባ የሚያመጣት ጠፋ። ጥንዶች በሩቁ ዞረው ያልፋሉ። ፊት ለፊቱ የወንጂ ተሳፋሪ ሕፃን አዝሎ፣ ዘንቢል ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ያ ሁሉ አግዳሚ ባዶውን ተዘርግቷል።

መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። እትዬ አማረች ለቅሶ ቤት አትወድም ነበር። ሄዳ ስትመለስ «ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ምን ያያል፣ እንባ ብቻ» ትለኛለች። የምትወደው መንገዱን ማየት ነው። ማን ወረደ፣ ማን ተሳፈረ፣ ማን ዶሮ ይዞ ከረዳቱ ጋር ተጣላ። ሸንኮራዋን እየላጠች ለማታውቀው ሰው ሁሉ ታሪክ ትፈጥርለታለች፤ ያ ከዕዳ ሸሽቶ ነው፣ ያቺ አማቷን ፈርታ ነው እያለች ታስቀኛለች። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ቆርቆሮ ሥር በመስታወት ዘግተው ያስቀመጧት።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ነገርኳቸው። «ኦቦ ባጫ፣ ሰው የማይቀመጠው ለቅሶ ቤት ስለመሰለው ነው።»

ፊታቸው ዳመነ። «ቀለሙ ነው» አሉ።

አረንጓዴ ቀቡት። አረንጓዴ ለቅሶ ቤት ሆነ። ጥላው አንሶ ነው ብለው ቆርቆሮ ጨመሩ። በጣሳ አበባ ተክለው ከፎቶው ሥር ደረደሩ፤ ያ ደግሞ ጭራሽ መቃብር አስመሰለው። ንፋሱ አንድ ቀን ቆርቆሮውን ገንጥሎ ሚኒባስ ተራው መሀል ጣለው። ረዳቶቹ ተንጫጩ፣ እሳቸው እየሮጡ አንሥተው በዚያው ሰዓት መልሰው መቱት። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ብሎን ያጠብቃሉ። ያልላላ ብሎን። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ያን ድምፅ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ለደንበኛ መልስ መስጠት እንኳን እረሳለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጉቱ መጣ። ኦቦ ባጫን እኔ በር ላይ አገኛቸው።

«አባባ፣ በእርስዎ ላይ መጨከን አልፈልግም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ግን ሰው የማይቀመጥበት መቀመጫ ቦታ ይዞ አይቆይም ተብሏል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልተጠቀመበት ይነሣል። ቦታውን ለጁስ ቤት ጠይቀውበታል።»

«የሰው መታሰቢያ እኮ ነው» አሉ ኦቦ ባጫ።

«እሱን ማን አጣው አባባ። ሁሉም ስላወቀ አይደል የሚሸሸው።»

ልጁ ራሱ ባለው ነገር አፍሮ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። ኦቦ ባጫ ቀሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ወደየትም አልዞረም። መፍቻውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ያዛውራሉ። «ካነሡት አማረች የት ትሆናለች?» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ደሞም ተናደድኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ሱቅ ውስጥ ገብቼ፣ ባልዲዎቹን ገፍቼ፣ ሁለቱን የለስላሳ ሳጥኖች ጎትቼ አወጣሁ። ከቆርቆሮው ፊት፣ አጥሩ በነበረበት መስመር ላይ ጎን ለጎን ደፋኋቸው፣ ወደ ሚኒባስ ተራው አዙሬ።

«አማረች የነበረችው እዚህ ነው» አልኳቸው። «ይሄ የእሷ፣ ይሄ የእርስዎ። ፊት ለፊት አይደለም፣ ጎን ለጎን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስትጠራዎት ሳጥኑ ወዴት እንደሚያይ እንኳን አላዩም፣ ወላሂ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ተራ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን። ኦቦ ባጫ ሳጥኖቹን አዩ። ሳጥኖቹን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ያንን አረንጓዴ ቤታቸውን። መፍቻቸውን ይዘው ሄዱ። በቃ፣ ተቀየሙኝ አልኩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ባልዲ በወጉ አልሸጥኩም፤ በሩ ላይ እየወጣሁ እመለሳለሁ።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ብረት ሲቆረጥ ሰማሁ። ቆርቆሮው ወርዷል፣ ቋሚዎቹ ሣሩ ላይ ተጋድመዋል። በያጁ እሳቱን እያስረጨ ረጃጅሞቹን አግዳሚዎች ይቆርጣል፣ ኦቦ ባጫ ጫፍ ይዘውለታል። ለሁለት ለሁለት ሰው የሚበቁ አጫጭር መቀመጫዎች እያወጡላቸው ነው። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝና «ያዢልኝ፣ የዚህ ቦታው ቤት ነው» አሉኝ።

የሙት ዓመቱ ቀን እሑድ ዋለ። የእድሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቢሊሴ ወደ መናፈሻው ይዛቸው መጣች። የጠበቁት የለመዱትን ነው። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ሲደርሱ ድንኳን የለም። አጫጭር አግዳሚዎች ብቻ፣ ሁሉም ጎን ለጎን፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ። መደገፊያቸው ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ «ቁጭ በሉ። አማረች» የሚል በነጭ ቀለም ተጽፏል።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። ሐዘንተኛው የት ነው የሚቀመጠው? ወንዱ በየት በኩል፣ ሴቷ በየት በኩል? የእድሩ ዳኛ ወደ ሰዉ ዞረው ሊቀመጡ ሞከሩ፤ መደገፊያው አላስቀመጣቸውም። ሁሉም እንደቆመ አንዲት አሮጊት «እኔስ እግሬ አልቻለም» ብለው ዝርፍጥ አሉ። ዳኛው ዙሪያቸውን ቃኙና ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ ወንድና ሴቱ ተደባልቆ። እንደ ለቅሶው ወግ ዝም ብለው ሚኒባሶቹን ማየት ጀመሩ።

ረዳቱ አንዷን ሚኒባስ እየገፋ ይሞላል። «ያ ሁሉ ሰው እዚያ ውስጥ ሊገባ ነው?» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው።

«ይገባል። ትናንት ከነፍየሉ ገብቷል» አሉ አሮጊቷ።

ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያኔ ሌላውም አልቻለም። አንዱ ፍየሉ ሒሳብ ከፍሎ እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው ከጎኑ ካለችው ጋር የረዳቱ አባት ማን እንደሆነ መከራከር ጀመረ። ሳቁን የሰሙ ተሳፋሪዎች ከተራው እየወጡ በቀሩት አግዳሚዎች ላይ ሰፈሩ። ጉቱ መንገድ ዳር ቆሞ አየ፤ የጁስ ቤቱን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም። እኔ ውስጤ ሞቀ፤ እትዬ አማረች ብትኖር ስለዚያ ፍየል የምትለውን አውቀዋለሁ።

ኦቦ ባጫ ግን ቆመዋል። መፍቻቸውን ይዘው ከአግዳሚ አግዳሚ ይዞራሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ብሎን ይነካሉ። ቢሊሴ «አባ፣ በቃ ይተዉት፣ ይምጡ» አለቻቸው በዓይኗ እየተከተለች።

«እሺ፣ መጣሁ» አሏት።

ያቺን ቃል ስሰማ አላስቻለኝም። ሳጥኖቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ነበር የተቀመጥኩት፣ አጠገቤ ባዶ ነው። ባዶውን በእጄ መታ መታ አደረግሁና «ታኢ ሜ፣ ባጫ» አልኳቸው። ለእሳቸው ዕድሜ እንዲህ አይባልም፤ በኦሮምኛም ለትልቅ ሰው ሌላ አነጋገር አለው፣ አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው።

ዞረው አዩኝ። መፍቻውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። መጡና ተቀመጡ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነበር፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው። ቀስ በቀስ ጀርባቸው መደገፊያውን ነካ። ተራውን፣ መንገዱን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መታጠፊያ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ከዚያ ከመታጠፊያው ጀምሮ ታየኝ ነበር ለካ» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው። «መጣልኝ ትልና ሳጥኑን በቀሚሷ ትጠርግልዎት ነበር።»

ያኔ አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ትከሻዬን ይነቀንቀዋል። «እግዜር ያጽናዎት፣ ኦቦ ባጫ» አልኳቸው። ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ቃል ወረደ። ቢሊሴ ከማዶ ሆና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ከተራው መጣች። ሌላው ሁሉ ሞልቷል። ምን እንደሆንን አላወቀችም፣ እሳቸው እያለቀሱ መሆናቸውንም ልብ አላለችም። «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ አባባ፣ እግሬ አልቋል» አለች። ይሄው፣ አሁን ቦታቸውን ለቀውላት ሊሄዱ ነው አልኩ። ኦቦ ባጫ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉላት። አልተነሡም።